የስፔኖች የመጠጥ ዘፈንና ያንተ ሰማያዊ ደብተር

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኩህ፣ ዛሬ ግን ራስህ ከበሩ ጉበን ለሚደርሰው ለወንድሜ ለቸርነት፦

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ብርድ ሲገባ ይጠዘጥዘኛል ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና ኅዳር ከገባ ጀምሮ እሱን ሳስብ ሰነበትኩ። ባለቤትህ ትርፌ ደህና ናት? የግፊቷን መድኃኒት ሳታቋርጥ ትወስዳለች? ልጆቹስ? ንዋይ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ አይደል? አምሃስ ከኳሱ ተርፎ ደብተር ይነካል? የቀበናው ቤት ጣሪያ ክረምቱን ቻለው ወይስ እንደ አምናው ባልዲ ደርድራችሁ ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ሐኪም የሚያውቀው በሽታ የለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ጽሕፈቴ ተጣሞ ብታየው እንዳትደነግጥ፣ ክፉ ነገር ደርሶብኝ አይደለም፣ ከደስታ ብዛት ነው። ቸሩ፣ እህትህ ዘፈነች! እኔ፣ ጎረቤት እንኳ ድምፄን የማያውቀው ሕብስት፣ ባለፈው ቅዳሜ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን በሚባል ሰፈር፣ ከመቶ በላይ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቼ ዘፈንኩ። ያውም የገና ጾም በገባ ዕለት! የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ምን ቅጣት እንደሚሰጡኝ እንጃ። ምን እንደዘፈንኩ ስነግርህማ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ አለዚያ የሰከርኩ ይመስልሃል።

ባለቤቴ ሀብተሥላሴ ካረፈ እነሆ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ የምተዳደረው ቢሮ በማጽዳት እንደሆነ ታውቃለህ። እዚህ ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ካለው ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሠራተኞቹ ሳይመጡ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት እንገባለን። አብራኝ የምትሠራው ማኑዌላ የምትባል የስፔን ሴት ናት። ከኔ እኩያ፣ ደንዳና፣ ሳቂታ ናት። ታዲያ ይህች ሴት ምንጣፍ የሚጠርገውን ማሽን እንዳስነሳች ዘፈኗን ትለቀዋለች። ከማሽኑ ጩኸት በላይ ነው የምትዘፍነው። ቃሉ አይገባኝም፤ ግን መሃል ላይ ቆም ብላ «አአአይ!» ስትል መወልወሌን ትቼ እሰማት ነበር።

አንድ ቀን በተሰባበረው ፈረንሳይኛዬ ምን እያልሽ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ማሽኑን አጥፍታ፣ ትቶኝ ሄደ፣ ከሄደ ወዲህ ወዳጄ ጠርሙስ ነው፣ አንተ አሳላፊ ጠርሙሱን ከፊቴ አታንሳብኝ፣ ነው የምለው አለችኝ። በማግስቱ ሌላ ዘፈን አመጣች፤ እሱም ያው ክህደትና ስካር። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። እኔ ምን ልበል? ገና ሳይነጋ ስለ ጠርሙስ የምታለቅስ ሴት ታማለች ማለት ነው አልኩ። አራት ወር ሙሉ ጸለይኩላት። ትንፋሿን ለማሽተት እንኳ ጠጋ ጠጋ እል ነበር፤ የሚሸተኝ ሳሙና ብቻ ነው። በደንብ ትደብቃለች አልኩ። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ይዤላት ሄድኩና፣ ይህ ከመጠጥ ያላቅቃል፣ ባገሬ ብዙ ሰው ድኖበታል ብዬ በዕረፍታችን ሰዓት ሰጠኋት። እሷ ሆዬ አንድ ጊዜ ጨለጠችውና አፏን ጠርጋ፣ ሕብስት፣ ያገርሽ አረቄ ምነው ውሃ ውሃ አለብኝ፣ አትለኝም!

ነገሩን ሳስረዳት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ እኮ ወተት ካለበት ቡና በቀር በአፌ የዞረ ነገር የለም፤ ባሌም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትቶኝ አያውቅም፣ ምነው እሁድ እሁድ እንኳ ትንሽ በተወኝ፣ አለች። ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ አልኳት። ይሄኔ ሳቋ ቆመ። አገሬን ጥዬ የወጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እናቴ ስትቀበር አልነበርኩም፤ ለዚያ የሚሆን ዘፈን ፈልጌ አጣሁ፣ ያገኘሁት ሰካራሙን ነው፣ ስለዚህ በእሱ ስካር የራሴን እንባ አለቅሳለሁ፣ አለችኝ።

ቸሩ፣ ይህን ስትለኝ የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። እውነት እኮ ነው! ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውን ሴት ሟቹን ገደልሽው እንላታለን እንዴ? እኔ ግን ብዬ አውቃለሁ። ለማን እንዳልኩ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ፤ አሁን ደስታዬን አታቋርጠኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ፕላንፓሌ በሚባለው ሜዳ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የስፓኒሽና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ማኑዌላ ካሴቶቿን አዋሰችኝ። ከየካሴቱ ግጥሙ የታተመበት ወረቀት ይወጣል። ጆሮዬ የለመደውን ዘፈን ከወረቀቱ ጋር እያገጣጠምኩ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ፣ በስድስት ወር ውስጥ አንብቤ የምስቅበትና የማለቅስበት ደረጃ ደረስኩ። ዓለሙ ሌላ ነው እኮ! ወንዱ ያለ ኀፍረት ያለቅሳል፤ እንደኛ ወንዶች ጭስ ገባብኝ አይልም። ሴቲቱም ከተከዳች እንደ ወንዱ ወንበር ስባ ተቀምጣ ቅዳልኝ ትላለች። አሳላፊው የንስሐ አባታቸው ነው፤ የሚናዘዙት ሁሉ ለእሱ ነው። ከድታው የሄደችው ሴት ሁልጊዜ አምሮባት በመስኮቱ ታልፋለች። እሱ ሁልጊዜ ይህቺ የመጨረሻዋ ብርጭቆ ናት ይላል፣ ሁልጊዜም ይዋሻል። ልርሳት ብሎ ይጀምርና በሦስተኛው ብርጭቆ የጫማዋን ቁጥር ሳይቀር ያስታውሳል። ብቻዬን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን መታችብኝ!

ከዚያ ማኑዌላ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ላንሲ ውስጥ ወዳለው የስፔኖች ማኅበር አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። ዘፋኙ ራሚሮ ይባላል፣ የሜክሲኮ ሰው ነው። ብታየው ዘፋኝ አትለውም። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ በሥራ ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው ነው። ጨጓራው ስለሚያመው አምቦ ውሃ ከመሰለ ውሃ በቀር አይጠጣም። ሲዘፍን ግን በርሜል የጨረሰ ነው የሚመስለው! ሕዝቡም በየመሃሉ ይጮህለታል፤ የተከዳ ሁሉ አብሮ ይጮሃል፣ ያልተከዳውም አይቀርም። እኔም ደሜ ሞቀ። ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ብድግ አልኩና ከቦርሳዬ አሥር ፍራንክ አውጥቼ፣ በምራቄ አርጥቤ፣ ሄጄ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት!

ጊታር የሚመታው ሰው እጁ አየር ላይ ቀረ። ማኑዌላ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እኔም እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ራሚሮ ግን ብሩን ከግንባሩ ሳያነሳ በመነጽሩ ላይ አሻቅቦ አየኝና፣ እመቤቴ፣ እዚህ አገር በመጣሁ ሃያ ዓመቴ ነው፣ እስከ ዛሬ የተለጠፈብኝ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ብቻ ነው አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ተሰልፈው ይለጥፉለት ጀመር፤ አንዷ አሮጊት ሳንቲም ልትለጥፍ ስትታገል ነበር።

ዘፈኑ ሲያበቃ ራሚሮ መጥቶ፣ ባገራችሁ ለዘፋኝ የምታደርጉት ይህን ብቻ ነው ወይ አለኝ። የለም፣ አድማጩም ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ይዘፍናል አልኩት። እንግዲያው ስጪኝ አለ። ስጪኝ ሲለኝ፣ ቸሩ፣ በማርያም ይሁንብኝ፣ አስቤ አይደለም፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

ብርሌማ ቢጎድል ይሞላል መልሶ፣
አንቺ የጎደልሽበት ቤት ቀረ ፈራርሶ።

አዎ፣ ያንተው ነው። ከሰማያዊው የዘፈን ደብተርህ።

ትርጉሙን በተሰባበረ አፌ ስነግራቸው ራሚሮ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ማን ነው የጻፈው፣ ያገሬ ሰው ነው እኮ አለ! ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ በዕረፍት ሰዓታችን ከማኑዌላ ጋር ግጥምህን ወደ ስፓኒሽ ስንገለብጥ ከረምን። ጭቅጭቃችንን ብታይ! ብርሌን ምን እንበለው? እሷ ጠርሙስ ይባል አለች፤ ራሚሮ ብርጭቆ ነው አለ። ሁለቱም አይደለም ብዬ አንገቱን ረዘም፣ ሆዱን ሞላ አድርጌ ሣልኩላቸው። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር በሌላ ስም አልጠራም ብሎ ራሚሮ ራሱን ብርሌን በስፓኒሹ መሃል ትቶታል። «ብርሌ» ሲል ብትሰማው ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

እነሆ ባለፈው ቅዳሜ የዙሪክ ስፔኖች እነራሚሮን ጋበዟቸውና አብሬያቸው በባቡር ሄድኩ። ልጄ ሲፈን እዚያው ኦርሊኮን ስለምትኖር መጣች፤ እናቴ ምን ልታዋርደኝ ይሆን ብላ ይመስለኛል መጨረሻ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠችው። በጾሙ ምክንያት ለኔ ዳቦና የወይራ ፍሬ ብቻ ቀረበልኝ። ራሚሮ ግጥምህን በስፓኒሽ ዘፈነ። ሲጨርስ፣ ይህ ዘፈን በተወለደበት ቋንቋ ይሰማ ብሎ እኔን ጠራኝ። ማኑዌላ ከኋላ ገፋችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ዜማውን አንተ ክራርህን ይዘህ ትለው እንደነበረው አደረግኩት። ሁለተኛውንም ጨመርኩ፦

ሰካራም ይሉኛል ቆመው ከበራፌ፣
ስምሽ ነው ያሰከረኝ እየወጣ ካፌ።

አንዲት ቃል ሳይገባቸው ጮኹልኝ! ሴቶቹ አቀፉኝ። ሲፈን ከመጨረሻ ወንበር ሰው እየገፋች መጥታ፣ ማማን፣ ይሄ ድምፅ የት ነበር፣ ቤት ውስጥ ለምን ደበቅሽብኝ እያለች ታለቅሳለች።

አሁን ነው ወንድሜ የሚከብደው የሚመጣው።

አንድ በፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ስፔናዊ ወደ ጠረጴዛችን መጣና፣ ይህን የጻፈው ሰው በሕይወት አለ? አሁንም ይጠጣል? ብሎ ሲፈንን በጀርመንኛ ጠየቃት። እሷም በኩራት ነገረችው። አጎቴ ነው፣ በወጣትነቱ ሰክሮ የዘፈን ደብተሩን የሆነ ቦታ ጣለው፣ በዚያ አፍሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠጥም ዘፈንም በአፉ አልዞረም፣ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አለችው። አንተ ለልጆችህና ለማኅበርተኞችህ እንደምትነግረው አድርጋ ነው የነገረችው። ሽማግሌው ለጠረጴዛው ሁሉ በስፓኒሽ ተረጎመ። ብርጭቆውን አነሣና፣ ደብተር ጠፍቶ ሰው ለተገኘበት ቀን ብሎ ጠጣ። ሁሉም አጨበጨቡ።

እኔ ተነሣሁና ውሸት ነው አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት። የሰማችኝ ሲፈን ብቻ ናት።

ቸርነት፣ ደብተርህን አልጣልከውም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በ1962 ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር 12፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ደጅ በሚያነድበት ዕለት፣ ከአሮጌው ፍራሽ ጭድ ሥር አድርጌ ለኮስኩት። ጭሱ ከጎረቤት ጭስ ጋር ተቀላቀለ፣ ማንም አላየኝም። አንተ ሦስት ቀን ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት እየዞርክ እያንዳንዱን አሳላፊ ስትጠይቅ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት እከትፍ ነበር፤ ዓይኔ ለምን እንደቀላ የጠየቀኝ የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ሰክሬ ነው የጣልኩት፣ እንዲህ ያለ ሰው ዘፈን አይገባውም ብለህ በሚካኤል ስም ማልክ። ክራርህን ሸጥክ። ሰውም እህቱ በጸሎቷ አዳነችው አለ። እኔም ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ለምን እንዳደረግኩት ታውቃለህ፣ ግን ልበለው። እማዬ ስታርፍ አደራዋ ነበርክ። ያቺ የልደታዋ ልጅ ትታህ ከሄደች ወዲህ ግድግዳ እየተደገፍክ ስትመጣ፣ ደብተሩ ሁልጊዜ በብብትህ ነበር። እጅህን ይዞ ወደ ጠጅ ቤት የሚወስድህ እሱ መሰለኝ። ዘፈኑን ከመጠጡ መለየት አልቻልኩም። ማኑዌላን ከጠበል ጋር ያሳደድኳት ያው የያኔዋ ሕብስት ናት፤ ልዩነቱ ማኑዌላ ስቃብኝ መትረፏ ነው። አንተ ግን የምታለቅስበትን ነበር የነጠቅኩህ።

ሌላም አለ። ፊደል ማን እንዳስተማረኝ ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ከዳዊት ደጋሚ ሰው ሰማሁ እያልኩ አልፍህ ነበር። ያስተማረኝ ያ ደብተር ነው። አንተ ስትወጣ ከፍራሽህ ሥር እያወጣሁ፣ ስትዘፍን በጆሮዬ የያዝኩትን ከጽሕፈትህ ጋር እያገጣጠምኩ ነው «ብ»ን ከ«ሰ» የለየሁት። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ያንተ ነው። ፊደል የቆጠርኩበትን ነው በእጄ ያነደድኩት። ሀብተሥላሴ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ንገሪው እያለ ሞተ፣ እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው አረጀሁ።

ያን ቀን እሷ ቤት ገብተን ለሲፈን ሁሉንም ስነግራት፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ማማን? አለች። ስልክ ልደውልለት ብላት፣ የለም፣ በስልክ ምንም አይደለም ይልሻል፣ እንዲቆጣሽ ጊዜ ስጪው፣ ጻፊለት አለችኝ። ልጅ አሳድጌያለሁ ቸሩ!

አንድ ነገር እፈራለሁ። ያ ኀፍረት እስከ ዛሬ አጥርህ ነበር፤ ዛሬ እኔ አጥሩን እየነቀልኩ ነው። ባቡሩ ላይ ተቀምጬ ይህንን ስፈራ መጣሁ። ግን ደግሞ አሰብኩ፤ ኀፍረት አንድ ዓመት ያቆማል፣ ሁለት ዓመት ያቆማል። ሃያ ስድስቱን የቆምከው በራስህ እግር ነው። ያንን እኔም፣ እሳቱም፣ ውሸቴም አልሠራነውም። ያልጠፋብህን ነገር ጠፋብኝ እያልክ ይህን ሁሉ ዘመን ይቅርታ ጠይቀሃል፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ይቅር በለኝ። ቶሎ አትበለኝ፣ ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ግን በመጨረሻ በለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ የተማሪ ደብተር ልኬልሃለሁ። ከተቃጠሉት አርባ ዘፈኖች ሠላሳ አንዱን በቃሌ አግኝቼ ጽፌዋለሁ፤ ፊደልን እየቆጠረ የተማረ ሰው አይረሳም። ዘጠኙን አላገኘኋቸውም። አንተ ካስታወስካቸው ብዬ ከኋላ ባዶ ገጽ ትቼልሃለሁ። ራሚሮ ደግሞ የማኅበሩን ካሴት ሊያወጣ ነውና የብርሌውን ዘፈን ሊጨምረው ይፈልጋል። የገጣሚውን ስም ሲጠይቀኝ፣ ወንድሜን ሳልጠይቅ አልሰጥህም ብዬዋለሁ። እሺ ካልክ ስምህን እንዴት እንድናስጽፈው እንደምትወድ ንገረኝ። አይሆንም ካልክ ዘፈኑን ይተዋል፤ ተነጋግረናል፣ ቅር አይለውም። ማኑዌላ ግን ማሽኗን እንዳስነሳች መዝፈኗን የሚያስቆማት የለም፤ ያንን እኔም አልችልም።

ለእህቴ ለትርፌ ከጉልበቷ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ያገባችው የማይጠጣ ሰው ነው፣ የማትታመነው እህቱ ናት በላት። ጎረቤታችሁን እማማ አስካለን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ያኔ አብረውኝ እሳቱን ሲቆሰቁሱ ምን እንደሚነድ አያውቁም ነበር። ሲፈን ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ስትጠራህ አጎቴ ገጣሚው ብላ ነው። ንዋይንና አምሃን ግንባራቸውን ሳምልኝና፣ ሌላውን ሁሉ ብትተው ይህችን ብቻ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው፦ አባታችሁ ደብተሩን አልጣለም፣ ያቃጠለችው አክስታችሁ ሕብስት ናት።

እህትህ ሕብስት
ጄኔቭ፣ ሰርቬት
ኅዳር 18 ቀን 1988 ዓ.ም.